ተወው

ቦጋለ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን አረፋ እንዳለበሰው ነው የሰማው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፣ ቧንቧው ይንፎለፎላል፣ ከኮሪደሩ ወዲያ ሚስቱ አስካለማርያም ከአረጋውያን መጦሪያው የሌሊት ሥራዋ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከእህቷ ጋር ስልክ ይዛለች። ድምፅዋ በውሃው መሀል እየተቆራረጠ ይደርሰዋል። «ኮቹ ደውሎ…» አለች፤ ውሃው ዋጠው። «ነቢዩን…» አለች፤ ውሃው ያንንም ዋጠው። ቀጥሎ አንዲት ቃል ብቻ ጥርት ብላ፣ ኮሪደሩን ሰንጥቃ፣ በሩን በርግዳ መጣችና ጆሮው ሥር ቆመች፦ «ተወው።» ምላጩ አገጩ ላይ ደረቀ። ከዱሉዝ እስከ ሮቸስተር ባለው ምድር ሁሉ በዚያ ሐሙስ ጧት እንደ ቦጋለ የተበደለ አባት አልነበረም።

ተወው! የቦጋለን ልጅ! ነቢዩ እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከአፕል ቫሊ የበጋ ቡድን ጋር ቤዝቦል ይጫወታል፤ ሥራው መምታት ነው። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፣ እሱ በዱላው ያገኛታል፣ ካገኛት ይሮጣል። ቦጋለ ከዚህ የበለጠ የጨዋታ ሕግ ለማወቅ ፈልጎም አያውቅ፤ በሚያዝያ ወር በአንድ ብርዳማ ቅዳሜ ልጁ አንዷን ኳስ አጥር አሻግሮ ሰድዷታል፣ ከዚያ በኋላ ምን የሚጠና ሕግ አለ? ያቺ ኳስ በመጀመሪያው ቀን አጥሩን ዘላ ሣር ላይ ነበር ያረፈችው። በሳምንቱ ከቅዳሴ ሲወጡ መኪና ማቆሚያው ደርሳለች። ለግንቦት ልደታ የአንድ ነጭ ሰውዬ ፒክአፕ መስተዋት አደቀቀች። ለጰራቅሊጦስ ሀይዌዩን ተሻገረች፤ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ፈልጓታል የሚልም ተሰምቷል፤ ግንቦት ሊወጣ ሲል ሚሲሲፒን ለመሻገር አንድ ስንዝር ነው የቀራት። ኳሷ ራሷ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በብርጭቆ ሳጥን ተቀምጣለች፤ ማለትም እሷን ፈልገው ቢያጧት ቦጋለ ከስፖርት ዕቃ መደብር በአምስት ከዘጠና ዘጠኝ የገዛት መንትያዋ። ሳጥኑ ከኳሷ ሦስት እጥፍ ፈጅቷል። ነቢዩ ይህን ያውቃል። እናቱም ታውቃለች። በዚያ ቤት ስለዚያች ኳስ የሚያወራው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከሰኔ ወዲህ ዱላው ረገበ። ነቢዩ ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ ነፋስ ይመታል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ነገር መቺ ሆኖ የተፈጠረን ሁሉ ያገኛል ይላሉ የሚያውቁት፤ እንደ ጉንፋን ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። የኛ ሰው ግን የተሰናከለ ሰው አይቶ ዝም አይልም፤ ይመክራል። በልጁ ላይ ምክር ዘነበ። የጭነት መኪና ነጂው ጌቱ «ክርንህን ዘርጋ» አለው። ፓርኪንግ የሚሠራው ኪዳኔ «ክርንህን ሰብስብ» አለው። የክርስትና እናቱ ጠበል በፕላስቲክ ኮዳ ላከች። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ቂርቆስ በልጅነታቸው የገና ጨዋታ ሲጫወቱ በአንዲት የእንጨት ሩር የሦስት ጎረምሳ ጥርስ እንዳራገፉ አስታውሰው «ኳሷን እንደ ደመኛህ እያት፣ ልጄ» አሉት። ቦጋለ ደግሞ የሁሉ አለቃ ነው። ከአጥሩ ኋላ ይቆማል፣ ስልኩን እንደ መድፍ ይደግናል፣ «ዓይንህን! ዓይንህን! ኧረ ምታው፣ ምታው!» ይላል። በሜዳው ላይ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዱላውን የያዘው ነው።

ልጆቹ ኮች የሚሉት አሰልጣኝ ዴል ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ፖስታ አመላላሽ፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት፣ ወሬው ቁጥብ። አንድ ቀን ጨዋታው ሳይጀመር ወደ ቦጋለ መጣና ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ ከግራው ዳር፣ እዚያ ከሩቁ አጥር ጥግ ሆኖ ቢያይለት ደስ እንደሚለው በትሕትና ነገረው። ቦጋለ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ እንድጠብቅ ሾመኝ» አለ፤ የሹመት ካባ የቀረው ያህል ደረቱን ነፍቶ። ከሹመቱ ማግሥት ግን ነገር ተበላሸ። በሁለት ተከታታይ ጨዋታ ነቢዩ ሜዳ አልገባም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአሰልጣኙ ጎን ተቀምጦ የሱፍ አበባ ፍሬ ሲፈለፍል፣ ገለባውን ሲተፋ ዋለ። ሽማግሌውና ልጁ አንዳንዴ ይሳሳቃሉ። ቦጋለ ከሩቁ አጥር ሆኖ ሳቁን ያያል እንጂ አይሰማውም፤ ያልሰማውን ሳቅ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ በራሱ ላይ ነው የሚያየው።

ጢሙን እንዳጋመሰ ፊቱን በፎጣ ጠርጎ ወጣ። ነቢዩ ሳሎን ውስጥ አንድ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሰፌድ በሚያህል ሳህን ሴሪያል ይበላል፤ በጉርሻና በጉርሻ መሀል ያፏጫል። ቦጋለ ፉጨቱን ጠላው። የተጣለ ሰው ያፏጫል? ወይ ልቡ ደንዝዟል፣ ወይ ንቆናል።

«እንዴት አደርክ፣ ጀግናው?»

«ጉድ።»

ልጁ የእንግሊዝኛውን ነው ያለው፤ ቦጋለ የአማርኛውን ሰማ። ጉድ ነው እንጂ፣ ምን ይሆናል ሌላ!

«ኮች ምን አለህ?»

ልጁ ማንኪያውን አየር ላይ አቆመ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ በሴሪያል ሞላው። «ናቲንግ፣ ዳድ።» እንደገና ማፏጨት ጀመረ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

መኝታ ቤት መጋረጃው ወርዷል። አስካለ የሥራ ልብሷን ወንበር ላይ ጥላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታለች፤ ከሌሊት ሥራ የመጣ ሰው እንቅልፍ ገደል ነው፣ አንድ እግሯ ገብቷል። ቦጋለ በሩ ላይ ቆመ። አንድ ዓይኗን ከፈተች።

«ቦጌ፣ የምነግርህ ነገር ነበር…»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ። ስልክ ላይ ስትነግሪያት።»

«እሰይ» አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገደሉ ዋጣት።

እሰይ? ልጇ ተጥሎ እሰይ? ቦጋለ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ የሃያ ዓመት ትዳሩን ከሥር እስከ ጫፍ መረመረ። ሊቀሰቅሳት ይችል ነበር፤ «ምንድን ነው እሰይ?» ቢላት አራት ቃል አትፈጅም ነበር። ነገር ግን የተከፋ ሰው አይጠይቅም፤ የተከፋ ሰው ቁልፉን አንሥቶ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይዘጋል። ቦጋለም እንዲሁ አደረገ።

«ኩባንያዬ» የሚላት አንዲት ነጭ ቫን ናት። የኩላሊት በሽተኞችን ወደ እጥበት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። ከጊዜ ጊዜ በወሬ እየተራባች ዘንድሮ ሰባት ደርሳለች፤ ጎማዋ ግን አሁንም አራት ነው። በዚያ ቀን ከበርንስቪል ያሳፈረው ታማሚ ሁሉ የአሰልጣኙን ግፍ ሰምቶ ወረደ፤ ኢገን ሲደርስ ልጁ ሁለት ሳምንት ተቀጥቶ ነበር፣ ሲዋርድ ሲገባ ልጁን ከአገር ሊያስወጡት የተማከሩበት እስኪመስል ከፍቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ዘወትር የሚቀመጡባት ምግብ ቤት ገባ። ጋሽ ቂርቆስ፣ ጌቱና ኪዳኔ አንድ ትሪ ከበዋል። ጌቱ ስለ በያይነቱ ያማርራል፤ አሥራ ስምንት ዶላር ገብቷል፣ ምስሩ ደግሞ እንደ በፊቱ አይደለም፣ ቆጥረው ነው የሚያወጡት። ቦጋለ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ሳይቆርስ።

«ሰውዬው ልጄን ተወው» አለ። «ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም ይላል፤ በሰው አገርማ!»

«ምን አጥፍቶበት?» አሉ ጋሽ ቂርቆስ።

«ምንም። አልመታም፣ ያው ነው ጥፋቱ።»

ኪዳኔ ጉርሻውን ዋጠና በትግርኛው ቅላጼ «ወይ ጉድ» አለ። «በመምታት ሰው ሲጣላ አይቻለሁ። ባለመምታት የተጣላ ሰው ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«ታዲያ ሽማግሌ እንላክበታ!» አለ ጌቱ። ለቀልድ ነበር፤ ሲስቅ ምስሩ ትን አለው።

ጋሽ ቂርቆስ ግን አልሳቁም። የያዙትን እንጀራ ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡ። እሳቸው በሲዋርድ ዙሪያ ያስታረቁት ባልና ሚስት ቢሰለፍ ድልድዩን ተሻግሮ ሴንት ፖል ይገባል። የቤት ኪራይ ያስታርቃሉ፣ የታክሲ ሸሪክ ያስታርቃሉ፤ አንድ ጊዜ በበረዶ ጠረጋ የተጣሉ የሶማሌና የኖርዌይ ጎረቤታሞች አስታርቀዋል፣ በምልክት። «ጌቱ ቀልድህን ተወው» አሉ። «ሰው ሰው ነው። ነጩም ይቀየማል፣ ነጩም ይለመናል። እሱ ወግ የለውም ብለን እኛ ወጋችንን እንተዋለን?» ከዚያ ደንቡን ደነገጉ። ዛሬውኑ ይኬዳል። ኮት ይለበሳል። አባት ለገዛ ልጁ አይሸመግልም፣ ስለዚህ ቦጋለ እዚያ ቆሞ ዝም ይላል፤ እንግሊዝኛ ቢያውቅም ዝም ይላል። የሚያስተረጉመው ልጁ ራሱ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲለምንለት አይቶ ይማርበት። ጌቱ ቀልዱን መልሶ ሊውጠው ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ኮቱን ሊያመጣ ተነሣ።

ሽምግልና በባዶ እጅ አይኬድምና ቦጋለ ትልቁ መጋዘን ሱቅ ገብቶ ኬክ ገዛ፤ ሃያ ስድስት ዶላር፣ የአንድ ሠርግ ሰው የሚያበላ፣ እሱ እንደሚለው የአንድ ወረዳ። የኬክ ሻጯ ልጅ የክሬም ከረጢት ይዛ ጎንበስ ብላ ምን እንደምትጽፍበት ጠየቀችው። መልካም ልደት አይሆንም፣ እንኳን ደስ ያለህ አይሆንም። ትንሽ አሰበና «ሶሪ» አላት። «ብቻ?» «ብቻ።» በሰማያዊ ክሬም፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ጅራቱን አስረዝማ ጻፈችለት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቫኗ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። ነቢዩ ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ሰክቶ ወጣ፤ የኋላውን በር ሲከፍት ሦስት ጥቁር ኮት ተደርድሮ አየ። እነዚያን ኮቶች አንድ ላይ ያየው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ሙዚቃውን ነቀለ። «ማን ሞተ?» አለ፤ በአማርኛ።

«ማንም አልሞተም» አለው ቦጋለ በመስተዋቱ። «ኮች ዴል ጋ ነው የምንሄደው። ይቅርታ ልንጠይቅልህ።»

«ዋት? ፎር ዋት?» የልጁ ድምፅ ቀጠነ። «ዳድ፣ ፕሊስ። ቅዳሜ እኮ እኔ…»

«ልጄ» አሉት ጋሽ ቂርቆስ ዞር ሳይሉ፣ «ትልቅ ሰው ስላንተ ጉዳይ መንገድ ሲወጣ ትንሽ ሰው ዝም ይላል። በስመ አብ።» ጸሎት ጀመሩ። ጸሎቱ ኢገን እስኪደርሱ አላለቀም። ነቢዩ ኬኩን ጭኑ ላይ ይዞ፣ ቅዳሜን አፉ ውስጥ ይዞ፣ በመስኮቱ የሚያልፉትን መኪኖች ሲያይ ሄደ።

የአሰልጣኙ ቤት ጋራዥ ክፍት ነበር። ሁለት የቡድኑ ልጆች የልምምድ መረብ ጠቅልለው ፒክአፕ ላይ ይጭናሉ፤ ነቢዩን ሲያዩ እጃቸውን አነሡ፣ ኮቶቹን ሲያዩ እጃቸው እዚያው ቀረ። ዴል በቁምጣ ነው የተቀበላቸው፤ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር እጀታ ተሞርዷል። ሳሎኗ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ የደረቀ ዓሣ በእንጨት ተሰቅሏል፣ መሬቱ ቡናማ ምንጣፍ፣ አንድ ሶፋና ተዘርግቶ የሚተኛበት ትልቅ ወንበር። ሰውዬው ደስ ብሎት፣ ግራ ተጋብቶ፣ ኬኩን ተቀብሎ ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሶፋውን አመለከተ። ማንም አልተቀመጠም። ከወጥ ቤት ሁለት ወንበር ጨመረ። ማንም አልተቀመጠም።

ጋሽ ቂርቆስ ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ። «ንገረው፣ ልጄ። ልጃችን ከወንበር ሳይነሣ እኛ ወንበር ላይ አንቀመጥም።»

ነቢዩ አሰልጣኙን አየ፣ አባቱን አየ። በእንግሊዝኛ «መቆም ይፈልጋሉ» አለው።

«ኦኬ» አለ ዴል፤ እሱም ቆመ። ስድስት ወንድ በአንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ከዓሣው ጋር ሰባት ሆኖ ቆመ።

«እኛ የመጣነው ለዕርቅ ነው» ቀጠሉ ጋሽ ቂርቆስ፣ ድምፃቸውን የሠርግ ድንኳን በሚሞላው ልክ ከፍ አድርገው። «ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። ደግሞስ ዱላና ኳስ ይዘው ለሚጫወቱት ነገር ምን ያስቀይማል? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብሏል ያገራችን ሰው።»

ልጁን ላብ አጠመቀው። ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰ። «በክሪስማስ» አለ በእንግሊዝኛ፣ «ጌታ አይቆጣም።»

ዴል ጨዋ ሰው ነው፤ አሰበበት። «ጁላይ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ጌቱ ይህን የሰማ ጊዜ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን ጨብጦ ወደ ውጭ ሸሸ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስኮት ይታይ ነበር። የቀሩት ሁለቱ ሽማግሎች፣ አንዱ እንግሊዝኛ የማያውቅ፣ ሌላው «የስ» እና «ኦኬ» ላይ ያለቀበት፣ የሰውዬውን ፊት መረመሩ። አይናገርም። አይቀመጥም። ግንባሩን ቋጥሯል። ጋሽ ቂርቆስ ብዙ ግትር ባል አይተዋል፤ የግትር መድኃኒቱ አንድ ነው። ከዘራቸውን ወደ ምንጣፉ ዝቅ አደረጉ። «ውረድ፣ ልጄ። ጉልበቱን ሳም።»

ነቢዩ አልተንቀሳቀሰም። አባቱን ነበር የሚያየው። ቦጋለ ደንቡን ያከብራል፤ አይናገርም። በዚያች ቅጽበት ግን መናገር አላስፈለገውም ነበር፤ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢያወዛውዝ ይበቃ ነበር። አገጩን ወደ ታች ነቀነቀ። ልጁ ወረደ። ከአባቱ በግማሽ ክንድ የሚበልጠው ያ ቁመት ታጥፎ ታጥፎ ምንጣፉ ላይ አለቀ፤ ከንፈሩ የሰውዬውን ባዶ ጉልበት ነካ። በሩ ላይ ሁለቱ ልጆች የተጠቀለለውን መረብ እንደተሸከሙ ቆመዋል። አንደኛው ዓይኑን ሰበረ፤ ሌላኛው አልሰበረም።

ዴል እሳት እንደነካው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ ልጁን በብብቱ አንሥቶ አቆመው፤ ወዲያው ወደ ቦጋለ ዞረና፣ የቁጥብ ወሬውን የዓመት ጎተራ በአንድ ጊዜ ከፈተ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው፣ ቦጋለም እያንዳንዱን ቃል ሰማ። ልጁ ምንም አላጠፋም አለ። ማንም ማንንም አልተቀየመም። ልጁ መምታት አልጠፋበትም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የሰው ድምፅ በዝቶ ኳሷን ማየት ነው ያቃተው። ስለዚህ ሁለት ጨዋታ አጠገቤ አስቀመጥኩት አለ፤ ስለ ኳስ አንድ ቃል አላነሣንም፣ ስለ ዓሣ ነው ያወራነው፣ በሁለተኛው ቀን መሳቅ ጀመረ። ቅዳሜ ይገባል፤ በሁለተኛ ተራ መቺ አድርጌዋለሁ፣ እሱም ያውቃል። ዛሬ ጧት ለባለቤትህ ደወልኩላት፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኳት። ለአንድ ሳምንት ለባልሽ ተወው በይልኝ አልኳት። አይምከረው፣ አይጠይቀው፣ አይቅረጸው። ተወው በይው።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ነው የተነገረው፤ ቦጋለ ጆሮ ውስጥ ግን በአማርኛ ወደቀ፣ በአስካለ ድምፅ፣ ውሃው ሳይንፎለፎል። ጣለው ማለት አልነበረም። እባክህ አትነካካው ማለት ነበር። ያቺው ቃል፣ ያቺው ፊደል፣ ያቺው ድምፅ፤ ጧት ከሌላው ጎኗ ነበር የያዛት።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ቂርቆስ።

ነቢዩ ጉልበቱን አራገፈ። አሁን ላብ የለበትም። አማርኛው ድንገት ተስተካክሏል። «ይቅር ብያለሁ ይላል። ተቀመጡ ይላል።»

«እልልል! ተመስገን!» ጋሽ ቂርቆስ ሶፋው ላይ እንደ ጆንያ ወደቁ፣ ኪዳኔ ተከተላቸው፣ ምርቃቱ ጀመረ፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጅህን ለወግ ያብቃልህ፣ ቤትህ አይጉደል። በምርቃቱ ሥር ልጁ ወደ አሰልጣኙ ዞረ፤ በእንግሊዝኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ፖስታ እንደሚያስረክብ ሰው። «እናመሰግናለን ነው የሚሉት። ቤተሰቤ ከቡድኑ ሊያስወጣኝ ነው የመጣው። ቅዳሜ አልመጣም። ኬኩም ለዚያ ነው።»

ዴል የኬኩን ክዳን ከፈተ። ሰማያዊው ክሬም «ሶሪ» ይላል፣ ጅራቱን አስረዝሞ። ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ቦጋለን አየና «እውነት ነው?» አለው። «የምትፈልጉት ይህንን ነው?»

እነሆ ያ ምላስ! ኳስ በሚሲሲፒ ዳር ያቆመ ምላስ፣ አንዲት ቫን ሰባት ያደረገ ምላስ። አንድ «ኖ» ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን ኖ ካለ ጋሽ ቂርቆስ ምን አለ ይላሉ፤ ምን አለ ካሉ የሚታረቅ ጠብ እንዳልነበረ ይወጣል፤ ሦስት ኮት፣ አንድ ኬክ፣ አንድ ጉልበት፣ ሁሉም የቦጋለ ጆሮ ሥራ እንደሆነ ይወጣል፤ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይወጣል፤ ጌቱ ያወጣዋል። ልጁ አላየውም። ዓሣውን ነበር የሚያየው። ቦጋለ አገጩን ወደ ታች ነቀነቀ፤ ቅድም እንደነቀነቀው። ሽማግሎቹ ምስጋና መሰላቸውና አሜን አሉ።

ዴል ቢላዋ አምጥቶ ኬኩን ቆረሰ። ለጋሽ ቂርቆስ «ሶ» ያለበት ደረሳቸው፣ ለኪዳኔ ጅራቱ። ጣፈጣቸው። ጌቱ ተመልሶ ገባና ሁለት ቁራሽ በላ።

ሲመለሱ ቫኗ ውስጥ ሠርግ ነበር። ጋሽ ቂርቆስ ዕርቅ ማለት እንዲህ ነው፣ መጨረሻው ያስለቅሳል፣ የሰውዬው ዓይን እንባ አቅርሮ አላያችሁም ወይ አሉ። ኪዳኔ አይቻለሁ አለ። ጌቱ «በል እስቲ ቦጋለ፣ ያቺን ኳስ ንገረን፤ ዛሬ የት ትደርስ ይሆን?» አለ። ቦጋለ መብራት ቀይ ነው ብሎ ዝም አለ። አረንጓዴ ሆነ። ዝም አለ። አንድ በአንድ አወረዳቸውና ከልጁ ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ ልጁ የፊቱ ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ከኋላ አልተነሣም።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ የሐምሌ ፀሐይ እዚህ አገር የሚሄድበት የላትም። አስካለ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የእራት ሳህኗን ቦርሳዋ ውስጥ ትጨምራለች። ነቢዩ «ሃይ፣ ማም» ብሎ ግንባሯን ሳማትና በሳጥን ከተቀመጠችው ኳስ ጎን አለፈ፣ ኮሪደሩን አለፈ፣ ክፍሉ ገባ። በሩ ሳይንጓጓ ተዘጋ።

«ለቅዳሜ ፈረቃዬን ከሥራ ባልደረባዬ ከመቅሊት ጋር ቀያየርኩ» አለች አስካለ፣ ዚፕ እየዘጋች። «ሁለታችንም እንሄዳለን፤ አንተ ግን አፍህን ይዘህ። እንዴት ነው ነቢዩ? አልነካካኸውም አይደል?»

ቦጋለ የተዘጋውን በር አየ። ጫማውን አየ። የልጁን ጨዋታ፣ ሚያዝያን፣ አጥሩን፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሣር አሰበ። ያለውን እውነት ሁሉ ሰብስቦ በአንዲት ቃል ተናገረ።

«ተወው» አለ።

የኮቹን ቃል የደገመላት መስሏት የአስካለ ፊት በራ። «እሰይ!» አለች። «እሰይ ቦጌ! እኔስ አቶ ቦጋለ ሰው ተወው ሲለው ይሰማል ብዬም አላስብ!» ቀርባ በሁለት እጇ ፊቱን ያዘችው፤ ወዲያው የቀኝ መዳፏ ቆመና ጣቷን ጉንጩ ላይ አሸች። «ውይ በሞትኩት! ግማሹን ሳትላጭ ነው እንዴ የዋልከው? ይኸን ደግሞ ለምን ተውከው?» ሳቀች። እየሳቀች ቁልፏን አነሣች፣ እየሳቀች ወጣች፣ መኪናዋ ስትነሣም ትስቅ ይሆናል።

ቦጋለ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ጆሮውን ወደ ልጁ በር አስጠጋ። ውስጥ ማንም አያፏጭም።